የአድዋ ልብስ አጣቢዎችና የዶክተር አክሊሉ ለማ መዝገብ



ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ተዘጋና ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የእኅቴ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ እኛ ዘንድ መጣች። የምታጠናው ባዮሎጂ ነው። ያን ሰሞን እኛ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት ስናወራ፣ እሷ ደግሞ ኮሮናን ስለሚያጠኑ ሊቃውንት ታነብ ነበር። አንድ ቀን ስልኳን ወደ እኔ ዘረጋችና «አክስቴ፣ ይኼ ሰውዬ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጠቀሰ እዪ!» አለችኝ።

የት ነው የተጠቀሰው ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ አንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ሲያወጣ ከእርሱ በፊት የነማንን ሥራ እንደተመረኮዘ በመጨረሻ ይዘረዝራል። ዋቢ ማድረግ ማለት ይኼ ነው። ያ ዋቢ ይቆጠራል። ብዙ ዋቢ የተደረገ ሰው ሥራው ብዙ እንደጠቀመ ይታሰባል፤ ሹመቱም፣ የምርምር ገንዘቡም በዚያው ቁጥር ይታያል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ቤት ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ማስረጃ የሌለው ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ለካ ሳይንቲስቶችም የሒሳብ መዝገብ አላቸው አልኩ።

እናቴ በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ እንዶድ እየወቀጠች ነበር። ለፋሲካ የሚለበሰውን ነጠላና ጋቢ በሳሙና አላሳጥብም ባይ ናት፤ ሳሙና ያጠወልገዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል ትላለች። እንዶዱን ከወይና ደጋው የሚያመጡ ሴቶች ገበያ ላይ ይሸጡላታል። ወሬያችንን ስትሰማ ቆይታ ዘነዘናውን አቆመችና «እኔንስ ስንት ጊዜ ጠቀሱኝ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። የእኅቴ ልጅ ግን ከሳቀች በኋላ ዝም ብላ ስልኳን ነካካች፤ ከዚያም «እምዬ፣ የእርስዎ እንዶድ እኮ በብዙ ተጽፎበታል» አለች። የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም መጀመሪያ በቁም ነገር የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን እያነበብኩ ሳጠራቅም ኖሬ፣ ለዚህ እትም ጻፊ ስባል ሌላ ርዕስ አላማረኝም። የምርምሩ ጽሑፎች ሁሉ በፈረንጆች ዘመን የተጻፉ ስለሆኑ ከዚህ በታች ያሉትን ዓመተ ምሕረቶች እንደዚያው ትቻቸዋለሁ።

1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የተመለሱበት ዓመት። ሊያጠኑት የተነሡት በሽታ ብልሃርዝያ ነው። እኛ የመንዝና የግሼ ደገኞች በሽታውን እምብዛም አናውቀውም፤ ውኃችን ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች አይመቻቸውም። ሞቃት በሆኑ ወንዞች፣ ሐይቆችና የመስኖ ቦዮች ዳር ለሚኖር ሰው ግን የልጆች ጠንቅ ነው። የበሽታው ትል እንቁላል ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል። እዚያ ውስጥ ይራባና በብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውኃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ ልጅ ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ሆድን፣ ጉበትን፣ እንደ ዓይነቱም ፊኛን ይጎዳል። መንገዱ እንዲህ ከሆነ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ሊቃውንት ያስቡ የነበረውም ይህንኑ ነው፤ ቀንድ አውጣ ለመግደል በፋብሪካ የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ባይሉሳይድ ነው። ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ አድዋ ሄደው ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት በሕይወት ናቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡበትን ሲያዩ እንዶድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አስተዋይ ሰው ናቸው» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ቀጥሎ ያደረጉትን ነው የምወድላቸው። ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋሽ ጥቂት ጨምሪልኝ ብለው ጠየቁ። ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ምርምር የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በላቦራቶሪ ሳይሆን በወንዝ ዳር ነው፤ መድኃኒቱን ያዘጋጀችውም፣ ውኃው ውስጥ የጨመረችውም ልብስ ልታጥብ የወረደች ሴት ናት።

እንዶድን ለማታውቁ ደጋፊዎቻችን ጥቂት ልበል። የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው በዘለላ ይንዠረገጋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። ሸማና ጋቢ ለማንጻት ከሳሙና በፊት የነበረው እርሱ ነው። መራራ ነው፤ ሲውጡት ይጎዳል፣ ዓሣም ይገድላል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው የእንዶድ ዕቃ ከምግብ ዕቃ ጋር የማይቀላቀለው። (ኮሮናን ይገድላል እያልኩ አይደለም፤ ያን ሰሞን የማይባል ነገር ስለሌለ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።)

ዶክተር አክሊሉ ያገኙትን መጀመሪያ ያሳተሙት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። አጭር የመጀመሪያ ዘገባ ናት። በ1966 ደግሞ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ነው። በ1970 የላቦራቶሪና የመስክ ሙከራቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ።

ትልቁ ሥራ ግን አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 የተደረገው ነው። ለአምስት ዓመት የከተማዋን ወንዞች በእንዶድ ሲያክሙ ቆዩ፤ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ሕዝቡን መረመሩ። ከጠቅላላው ሕዝብ 63 በመቶ የነበረው የብልሃርዝያ ሕመምተኛ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

እነዚህን አራት ቁጥሮች መጀመሪያ ሳያቸው ግራ ገባኝ። ለምን ሕፃናቱ ላይ ያን ያህል ወርዶ ጠቅላላው ላይ በግማሽ ገደማ ብቻ ቀነሰ? ኋላ ላይ በራሴ ሙያ አሰብኩት። ትሉ ሰው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ትልልቆቹ ሰዎች ወንዙ ከመታከሙ በፊት የያዛቸውን ይዘው ነው የቀጠሉት፤ እኛ ከባለፈው ዓመት የዞረ ሒሳብ እንደምንለው ማለት ነው። ሕፃናቱ ግን አዲስ መዝገብ ናቸው፤ ብዙዎቹ የተወለዱት ወንዙ መታከም ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት አዲስ የሚያዘው ሰው ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳየው የሕፃናቱ ቁጥር ነው። ከ50 ወደ 7! እኔ እንዲህ ያለ ሚዛን በሥራዬ ባገኝ ሦስት ጊዜ ደምሬ አረጋግጬ ከዚያ እደሰታለሁ።

በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ሮበርት ፓርክኸርስት የተባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለዩ። በዶክተር አክሊሉ ስምም «ሌማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። የሳሙና ጠባይ ካላቸው ሳፖኒን ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚህ ላይ እናቴን በጣም ያስደሰታት ነገር አለ። ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይሠራና ኃይለኛውን ንጥረ ነገር ያወጣዋል፤ በአልኮል ቢያወጡት ግን ኢንዛይሙ ስለሚታገድ ኃይሉ ይደክማል። ይህን ኬሚስቶች በላቦራቶሪ ደረሱበት። «ታዲያ በምን ኖሯል የሚዘፈዝፉት?» አለች እናቴ።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ ታሪኩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነውና።

አንድ ሰው የአገሩን ሕፃናት ቁጥር ከ50 ወደ 7 ካወረደ፣ ሥራውንም በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ጭምር ካሳተመ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት እንዶድ በየአገሩ ይተከላል፣ በየወንዙ ይረጫል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ ያሉ ባለሙያዎች ጥናቱን ለመቀበል አመነቱ። የምርመራው አደራረግ አይታመንም፣ የመርዛማነት ፍተሻው «መልካም የላቦራቶሪ አሠራር» በሚባለው ደንብ አልተደረገም አሉ። ይህ ደንብ በአሜሪካ የጸደቀው በ1978 ነው፤ የበለጸጉት አገሮች በጋራ የተቀበሉት በ1981። የአድዋው ሥራ ያለቀው በ1974! እኔ ብሆን፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በወጣ መመሪያ ኦዲት ልታደርጉኝ ነው ወይ ብዬ እጮኽ ነበር።

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ሰው የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው ውኃ ላይ ነገር ከመጨመር በፊት መርዛማነቱ ይመርመር ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል እኛም እናውቃለን። ክፋቱ ጥያቄው ላይ አይደለም። ክፋቱ፣ ምርመራው በዚያ ደንብ እንዲደረግ ብዙ ገንዘብና የፈረንጅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን የሚሰጡት ደግሞ ምርመራው አልተደረገም ብለው የሚያመነቱት መሆናቸው ነው። ብድር ለማግኘት መያዣ አምጪ፣ መያዣ ለመግዛት ብድር ውሰጂ እንደሚባለው ማለት ነው፤ ማኅበራችን ሲቋቋም ይህን ያላየች አባል ያለች አይመስለኝም። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የዕቃና የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን፣ ከበለጸጉት አገሮች የሚመጣው አድልዎም ነው እያሉ በአደባባይ ተናግረዋል።

የዋቢ ቆጠራው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። የሳይንስ ዋቢዎች በየዓመቱ የሚቆጠሩበት ትልቁ መዝገብ በአሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የተጀመረው ያው አድዋ ላይ አረፋው በተጨመረበት በ1964 ነው። በዓመቱ መገጣጠም ተገርሜ ነበር። መዝገቡ ዋቢ የሚለቅመው ከተመረጡ መጽሔቶች ነው፤ የሚመረጡትም በአብዛኛው በበለጸጉት አገሮች የሚታተሙት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ታትሞ በድሃ አገር ሐኪሞች የሚነበብ ጽሑፍ፣ ሥራ ላይ ቢውልም ቁጥሩ ብዙ አይሆንም። ልጅቷ በስልኳ ያሳየችኝ የኮሮና ተመራማሪ ቁጥር እውነት ነው፤ አልጠራጠርም። በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለም በሙሉ ስለ አንድ በሽታ ስለጻፈ፣ በዚያ መስክ ቀድሞ የጻፈ ሰው ሁሉ ቁጥሩ ተመነጠቀ። ብልሃርዝያ ግን በአብዛኛው የድሃ አገር በሽታ ነው፤ ስለዚህ ስለ እርሱ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋቢውም ጥቂት ነው።

ፈረንጅ ብትሆንም ኮሮናን የሚመለከት፣ ለእኛ ለሴቶች የሚሆን ሌላ ምሳሌ በዚሁ ልጨምር። ሰውን የሚይዝ ኮሮና ቫይረስን መጀመሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አጥርታ ያየችው ጁን አልሜዳ የምትባል ሴት ናት። በ1930 ግላስጎው የተወለደች የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ገንዘብ ስላልነበራት በ16 ዓመቷ ትምህርት አቁማ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠረች። ቆይቶ ካናዳ፣ ከዚያ ለንደን ሠራች። የዚህን ቫይረስ ዓይነት አስቀድማ በምስል አይታ የላከችውን ጽሑፍ ግን መጽሔቱ መለሰው፤ ገምጋሚዎቹ ምስሉ የጉንፋን ቫይረስ መጥፎ ፎቶግራፍ ነው ብለው ነበር። ከዴቪድ ቲሬል ጋር ሆና በ1967 አሳተመችው፤ በ1968 ደግሞ እርሷን ጨምሮ ስምንት ተመራማሪዎች ዙሪያው እንደ ዘውድ ስለሆነ «ኮሮና» የሚለውን ስም አወጡለት። እርሷ በ2007 አርፋለች። ስሟ በዓለም የተነሣው ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ ነው። ጁን አልሜዳ ዘግይታም ቢሆን ስሟ ተጽፎ ስለነበር ፈልገው አገኟት። አድዋ ላይ አረፋ የጨመረችዋን ሴት ግን ዛሬ ማን ፈልጎ ያገኛታል?

እንዶድ ሙሉ በሙሉ አልተረሳም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ተመራማሪ ለዓመታት የእንዶድ ዝርያ ከየቦታው አሰባስበው፣ ፍሬያማውንና ተባይ የሚቋቋመውን እየለዩ ቁጥር 44 የተባለውን ዓይነት መረጡ። እንዶድ ወንድና ሴት ተክሉ የተለያየ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ከዘር ቢያበቅሉት ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ጊዜ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከጥሩዋ ሴት ተክል ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል። እኔ የዶክተር ለገሠን ሥራ ከዶክተር አክሊሉ ሥራ አሳንሼ አላየውም፤ ተክል ማላመድ ዜና የማይሆን፣ ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። በ1989 ሁለቱም በአንድነት ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን፣ ብዙ ሰው አማራጩ ኖቤል የሚለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የመርዛማነት ምርመራው በተባለው ደንብ መሠረት፣ በካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ በነበሩት በጆን ላምበርትና በባልደረቦቻቸው ተደርጎ በ1991 ታተመ። ከአጣቢዎቹ አረፋ እስከዚህ ወረቀት 27 ዓመት ሆነው።

በነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጠረ። ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ ገብቶ ታላላቆቹን ሐይቆች የወረረ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለበስ ፍጥረት አለ። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ ይህንም እንደሚገድል አዩ፤ በ1990ዎቹም የፈጠራ መብት፣ ፓተንት የሚሉት፣ ተመዘገበበት። እዚያ አገር ነገሩ ለድሃ ልጆች ሳይሆን ለቧንቧ ስለተፈለገ ምን ያህል ቶሎ እንደታየ ልብ በሉ። ዕውቀቱ የማን ነው፣ ጥቅሙስ ለማን ይግባ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አላቆመም፤ እንዶድ በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሣ ተክል ሆኗል። በሌላ በኩል ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ዋጋው እየረከሰ መጣና ብልሃርዝያን መከላከል ማለት ክኒን ማደል ሆነ፤ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ እንዶድ የቀረው በአድልዎ ብቻ ነው ብል ልክ አይሆንም። ክኒኑ ብዙ ሕፃናትን አድኗል። ወንዙ ግን ያው ነው፤ የዳነው ልጅ ነገ እዚያው ወንዝ ይገባል።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ከሁሉ ያሳሰበኝን መጨረሻ ላይ አቆይቼዋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ታሪኩን ሲናገሩ ሴቶቹን ደብቀው አያውቁም፤ የእንዶድ ነገር በተነሣ ቁጥር ከአድዋ አጣቢዎች እንደጀመረ ይናገሩ ነበር። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ባነበብኩት ሁሉ ሴቶቹ «ሴቶች» ናቸው እንጂ ስም የላቸውም። ንጥረ ነገሩ የዶክተሩን ስም ይዟል፤ ኢንስቲትዩቱ ይዟል፤ ፓተንቱም ባለቤት ነበረው። አረፋውን የጨመረችዋ ሴት ግን የማን ልጅ እንደነበረች፣ እንዶዱን ማን እንዳስተማራት፣ ቀንድ አውጣው መሞቱን አስቀድማ ታውቅ እንደነበርና እንዳልነበር የጻፈ የለም። እኔ ታውቅ ነበር ባይ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ውኃ ውስጥ ቆማ ያላየችውን ሰውዬው በአንድ ቀን አየው ለማለት ይከብደኛል። የሚጠይቃት ግን እስከዚያ ቀን አልመጣም።

ይህን የምጽፈው ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ቤት ስለተደረገ ነው። ጥቂት ዓመት ሆኗል፤ ከየት እንደመጡ የማልናገራቸው እንግዶች የማኅበራችንን ፈታዮች ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጠው የበግ ፀጉር እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚነደፍና እንደሚፈተል፣ ለባናው የትኛው ፀጉር እንደሚመረጥ ጠየቁ፤ ጻፉ፤ ፎቶ አነሡ። ቡና አፈላን። የጻፉትን እንልክላችኋለን ብለው ሄዱ። አልላኩም። እኔ የዚያን ጊዜ የቡናውንና የስኳሩን ወጪ «ለእንግዳ መስተንግዶ» ብዬ በደረሰኝ መዝግቤያለሁ፤ እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለ። እነዚያ ሴቶች ምን ምን እንደተናገሩ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ስኳሩን መዝግቤ ዕውቀቱን ሳልመዘግብ ቀረሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እያልኩ! ከተናገሩት መካከል ሁለቱ እናቶች ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ አቅርቤ አባላት ተቀብለውልኛል። ከቃለ ጉባኤውና ከቁጠባው መዝገብ ጎን ሦስተኛ ደብተር ተገዝቷል። በእያንዳንዱ ገጽ ቀን፣ የተናጋሪዋ ስም እስከ አያት፣ መንደሯ፣ ከማን እንደተማረችው፣ ከዚያ የምታውቀው ነገር ይጻፋል፤ ይነበብላታል፤ ትፈርማለች፣ ካልቻለችም ጣቷን ታስቀምጣለች። ለእንግዳ የሚነገር ነገር አስቀድሞ እዚያ ላይ ይሰፍራል፤ እንግዳውም ቅጂውን ሲወስድ ይፈርማል። ደጋፊዎቻችን የሚመጡ ጊዜ ይህን ብንጠይቃቸው እንደማይከፉብን አምናለሁ፤ እነርሱም ደረሰኝ ይጠይቁን የለ።

የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍኩት ከእናቴ ነው። እንዶድ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ለምን እንደሚለቀም፣ ለነጠላ ስንት እፍኝ፣ ለጋቢ ስንት እፍኝ እንደሆነ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ከማን ተማርሽው ስላት ከእናቷ አለች። እናቷስ ከማን? አሰበች። የአያቷን ስም ነገረችኝ፤ ከዚያ ላይ ያለችውን ግን እኅቷን ጠይቃ እስክትነግረኝ ድረስ መስመሩን ባዶ ተይው አለችኝ፤ ትቼዋለሁ።